ወፍ ዘራሽ፦ ፍሬ በል እንስሳትና የደን ዛፎች አበቃቀል

በቋንቋችን «ወፍ ዘራሽ» የሚባል ቃል አለ። ሰው ሳያርስና ሳይዘራ፣ ሳይኮተኩትና ውሃ ሳያጠጣ፣ በአጥር ጥግ ወይም በማሳ ዳር በራሱ ጊዜ በቅሎ የተገኘውን ተክል ወፍ ዘራሽ እንለዋለን። ቃሉን ግን ብዙውን ጊዜ የምንናገረው በንቀት ነው። ባለቤት የሌለው፣ ማንም ያላሰበበት፣ ቢነቀልም የማያሳዝን ነገር ለማለት እንጠቀምበታለን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የበለጠ አስቤበት አላውቅም ነበር። ነገር ግን ስለ ደን ዛፎች አበቃቀል ጥቂት ካነበብሁና በአካባቢያችን ያለውን ደን በዓይኔ ከተመለከትሁ በኋላ፣ አባቶቻችን በዚህች አጭር ቃል ትልቅ የሳይንስ እውነት አስቀምጠውልን እንደ ነበር ተረዳሁ። በዚህ ጽሑፍ ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው።

፩. ያልተተከለው ችግኝ

ከአርሲ ነገሌ ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ በደጋጋ በኩል ሽቅብ የወጣ ሰው የሙኔሳን ደን ያገኛል። ይህ ደን በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተረተር ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ የሚገኝ ነው። በተፈጥሮው ደን ውስጥ በኦሮምኛ ቢርቢርሳ የሚባለው ዝግባ፣ ኤጄርሳ የሚባለው ወይራ፣ እንዲሁም ጥቁር እንጨትና ብሳና ይበቅላሉ። ከዚሁ ጎን ደግሞ በሰው እጅ የተተከለው የፈረንጅ ጥድ፣ ፓቱላና ባሕር ዛፍ እንደ ተሰለፈ ወታደር በረድፍ ቆሞ ይታያል።

ክረምቱ እንደ ወጣ ከጓደኞቼ ጋር ወደዚያ በሄድንበት ቀን፣ ከፈረንጅ ጥዱ ጥላ ሥር አንድ የሚያስገርም ነገር አየን። በረድፉ መካከል ከጉልበት የማይበልጡ የዝግባ ችግኞች እዚህም እዚያም በቅለው ነበር። ተክሎ ቢሆን ኖሮ ሰው በመሥመር በተከላቸው ነበር፤ እነርሱ ግን የቆሙት ያለ ሥርዓት ነበር። የዝግባ እናት ዛፍም በአጠገባቸው አልታየንም። ታዲያ እነዚህን ማን ተከላቸው? ብለን ተጠያየቅን።

ይህን ጥያቄ ያነሣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም። ፈየራ ሰንበታ፣ ደመል ተከታይና አንድ ስዊድናዊ ባልደረባቸው በሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 አሳትመዋል። ከውጭ አገር በመጡት የተተከሉ ዛፎች ጥላ ሥር ብዙ ዓይነት የአገር በቀል ዛፎችና ቊጥቋጦዎች ራሳቸውን ችለው እንደሚበቅሉ ተገንዝበዋል። ከእነዚህ ቡቃያዎች አንዳንዶቹን ዘር ነፋስ አምጥቶታል። ነገር ግን የዝግባ ዘር እንደ አተር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ከባድ ዘር ነው፤ ወይራም እንዲሁ ጠጣር ዘር አለው። እንዲህ ያለውን ነፋስ አንሥቶ ሊወስደው አይችልም። የወሰደው ክንፍ ወይም እግር ያለው ፍጥረት መሆን አለበት።

፪. ፍሬ ደመወዝ ነው

ዛፍ መራመድ አይችልም። ይሁን እንጂ ልጆቹ ሁሉ ከእግሩ ሥር ቢወድቁ ይጐዳሉ። ጥላው ብርሃን ይነሣቸዋል፤ የናት ዛፉን የለመዱ ነፍሳት፣ አይጦችና ሻጋታም በአንድነት ያገኟቸዋል። ዳንኤል ጃንዘን እ.ኤ.አ. በ1970፣ ጆሴፍ ኮኔል በ1971 ይህን ሐሳብ ለየብቻቸው ጽፈዋል፤ ከእናቱ ራቅ ብሎ የወደቀ ዘር የመትረፍ ዕድሉ ብዙ ጊዜ የተሻለ ነው ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ዛፍ ዘሩን የሚያርቅለት ተሸካሚ ያስፈልገዋል። ተሸካሚው ደግሞ በነፃ አይሠራም። ጣፋጩ የፍሬ ሥጋ የተሸካሚው ደመወዝ ነው። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ አረንጓዴና ጎምዛዛ ሆኖ የሚቆየው ዘሩ ሳይደርስ እንዳይበላ ነው፤ ዘሩ ሲደርስ ፍሬው ይቀላል ወይም ይጠቊራል፣ ይጣፍጣል፣ ይለሰልሳል። ዋንዛ ሥር ያደገ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። በዝናባማው የሐሩር አገር ደን ከሚገኙት የዛፍ ዓይነቶች አብዛኞቹ፣ ብዙ ጊዜም ከመቶው ከ70 እስከ 90 የሚሆኑት፣ በእንስሳት የሚበላ ፍሬ ያፈራሉ። በአገራችንም እንደ ሐረና፣ እንደ ከፋና እንደ ኢሉባቦር ባሉት ዝናባማ ደኖች፣ ዝናብ በሚያንሰው በእኛ በሙኔሳም ቢሆን፣ ይኸው ውል ይሠራል።

፫. በሆድ ውስጥ የሚደረገው

እንስሳው ዘሩን ተሸክሞ ማራቁ አንድ ጥቅም ነው። ነገር ግን ዘሩ በአፍና በሆድ በኩል ሲያልፍ ሌላም ነገር ይደረግለታል። ይህንንም በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል።

አንደኛው ሥጋውን ማላቀቅ ነው። ብዙ ፍሬዎች በሥጋቸው ውስጥ ዘሩ እንዳይበቅል የሚያግድ ንጥረ ነገር አለባቸው። የሥጋው ስኳርም ውሃ ወደ ዘሩ እንዳይገባ ይስባል፤ ከዚህም በላይ ሻጋታን ይጠራል። ቲማቲምን ያየ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ዘሩ ያን በመሰለ እርጥብ ቦታ ተቀምጦ በፍሬው ውስጥ ሳለ አይበቅልም፣ ታጥቦ ሲዘራ ግን ወዲያው ይበቅላል። ወፍ ወይም ጦጣ ሥጋውን በልታ ዘሩን ስትጥል ይህን እገዳ አነሣችለት ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅርፊቱን ማሳሳት ነው። አንዳንድ ዘር እንደ ድንጋይ በጠነከረ ቅርፊት ተሸፍኗል። የጨጓራ አሲድና የሆድ እንቅስቃሴ ይህን ቅርፊት በመጠኑ ይፍቀዋል፤ ውሃና አየርም መግቢያ ያገኛሉ። ከከተማችን ወደ ላንጋኖና ወደ አብያታ ሻላ በሚወርደው ሜዳ ላይ የምናየው ግራር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የግራር ዘር ቅርፊት ውሃ የማያስገባ ስለ ሆነ፣ በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች በፈላ ውሃ ይነክሩታል ወይም ጫፉን ይፍቁታል። በሜዳው ላይ ይህን ሥራ በከፊል የሚሠሩት ፍየሎችና የዱር ሣር በሎች ናቸው። ብዙውን ዘር አኝከው ያጠፉታል፤ ያመለጠው ግን በበጠጣቸው ውስጥ ሆኖ ይወጣል። የግራሩ ፍሬ እንደ ወደቀ ፈጥኖ ከተበላም፣ በውስጡ ያለው ነቀዝ ዘሩን ሳይጨርሰው አንዳንዴ በሆድ ውስጥ ይሞታል።

ሦስተኛው ዘሩ ከማዳበሪያ ጋር መውደቁ ነው። የወፍ ኩስም ሆነ የእንስሳ ፋንድያ ለቡቃያው የመጀመሪያ ስንቅ ሊሆነው ይችላል።

ስለ ሁለተኛው ነገር የራሴን ሞኝነት ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ከወይራ ሥር የወደቀ ፍሬ ለቅሜ፣ ከነሥጋው በጣሳ አፈር ውስጥ ዘርቼ፣ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ሳጠጣ ከረምሁ። አንድም አልበቀለም። በመጨረሻም በችግኝ ሥራ ለረጅም ጊዜ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ጣሳውን አይተው ሣቁና፣ «ልጄ፣ ዘሩ እኮ ቤት ተዘግቶበታል። ውሃ ብቻ ብታጠጣው በሩን ማን ይክፈትለት?» አሉኝ። ሥጋውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ ድንጋይ የመሰለውን ቅርፊት ውስጡን ሳይጐዱ ቀስ ብሎ መስበር እንደሚገባ አሳዩኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የዕፀዋት ሊቅ ለገሠ ነጋሽ በወይራ ዘር ላይ ያደረጉት ምርምር ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ጠጣሩ ቅርፊት ሲነሣለት ዘሩ እጅግ ፈጥኖና በርክቶ ይበቅላል።

፬. የበላ ሁሉ አይዘራም

እዚህ ላይ ግን አንባቢው እንዳይሳሳት መጠንቀቅ አለብኝ። ፍሬ የሚበላ እንስሳ ሁሉ የዛፍ ወዳጅ አይደለም። በቀቀን ዘሩን በምንቃሩ ሰብሮ ውስጡን ይበላል። በአገራችን ብቻ የሚገኘው ባለ ቢጫ ግንባሩ በቀቀንም ከዚህ ወገን ነው። አንዳንድ እርግቦች ዘሩን በጨጓራቸው ውስጥ ከዋጡት ጠጠር ጋር ይፈጩታል። አይጥም ዘሩን ትቆረጥመዋለች። ውቡ ጉሬዛ ደግሞ ይልቁንም ቅጠል በል ነው፤ ጥሬ ፍሬና ዘር ሲበላም አብዛኛውን ያጠፋዋል።

መልካሞቹ ዘሪዎች ሌሎች ናቸው። ሶሪት የምትባለው ባለ አረንጓዴና ቀይ ክንፍ ወፍ ፍሬውን ትውጥና ዘሩን ሳትሰብር ትጥላለች። ትንንሾቹ ወፎች ዘሩን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በኩሳቸው ያወጡታል። ጦጣ በጉንጯ ከረጢት ፍሬ ሞልታ ወደ ሌላ ዛፍ ትሄድና ዘሩን እየተፋች ትበላለች። በወንዶ ገነት ደን በብዛት የሚታየው፣ በምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለበት ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል። ሴቲቱ በዛፍ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይመረግና ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። ወንዱ በጉሮሮው ፍሬ እያመላለሰ በዚያች ቀዳዳ ይመግባታል። እርሱ ከሩቅ የለቀመው የፍሬ ዘርም ከጎጆው ሥር ይረግፋል።

የሾላና የዋርካ ወገኖች ዘር ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጥ ስለ ሆነ በወፍ ሆድ በቀላሉ ያልፋል። ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ሥሩን ቁልቁል የሰደደ ሾላ ያያችሁ ከሆነ፣ ዘሩን እዚያ ያስቀመጠችው ወፍ ናት። የኦሮሞ ሕዝብ ሸንጎ የሚቀመጥበት ኦዳም የዚሁ ወገን ነው። ስንት ሕግ የተደነገገበት ዛፍ ዘመድ በአንዲት ወፍ ኩስ ሕይወቱን መጀመሩ ያስገርማል።

በመካከል ያለም አለ። ዝባድ የምትሰጠው ጥርኝ ብዙ ፍሬ ትበላለች፤ ዘሩንም ሳትሰብር ታወጣለች። ነገር ግን ዓይነ ምድሯን ደጋግማ በአንድ ቦታ የመጣል ልማድ አላት። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የተመራመሩ ሊቃውንት እንዳዩት፣ ዘሩ በዚያ ቦታ እጅግ ይከማቻል እንጂ ከዚያ ሁሉ ለዛፍነት የሚበቃው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለዘር መብቀል የበላው ማን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን የት እንደ ጣለውም ይወስናል።

፭. ስለ ዶዶ የተነገረው ታሪክ

በዚህ ትምህርት ውስጥ ሰው መቸኰል እንደማይገባው የሚያስተምር አንድ ታሪክ አለ። በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው በሞሪሽየስ ደሴት ዶዶ የሚባል መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ ይኖር ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ከምድር ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1977 ስታንሊ ቴምፕል የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ፣ ታምባላኮክ የሚባለው የደሴቲቱ ዛፍ ሊጠፋ የተቃረበው ዘሩን በሆዱ የሚያሳሳለት ዶዶ ስለ ጠፋ ነው ብሎ ጻፈ። ይህንንም ለማስረዳት 17 ፍሬ ተርኪ ለሚባሉት ትልልቅ የፈረንጅ ዶሮዎች አዋጠ። 7ቱ ተሰባበሩ፤ ከቀሩት 10 ውስጥ 3 በቀሉ።

ታሪኩ ያማረ ስለ ነበር በዓለም ሁሉ ተሠራጨ። ነገር ግን ያልተበላ ዘር ጎን ለጎን ዘርቶ አላመዛዘነም ነበር። ሌሎች ሊቃውንት ጉዳዩን መርምረው፣ ዘሩ በማንም ሆድ ሳያልፍ ሊበቅል እንደሚችልና ከዶዶ ዘመን ወዲህ የበቀሉ ዛፎችም እንዳሉ አስረዱ። አና ትራቬሴት የተባለችው ስፔናዊት ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1998 በዚያን ጊዜ የነበሩትን ጥናቶች ሰብስባ ስትመረምር፣ በሆድ ማለፍ በአበቃቀላቸው ላይ ለውጥ ያመጣባቸው ተክሎች ከተጠኑት ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን አገኘች፤ ለውጥ በታየበትም ጊዜ የረዳው ከጐዳው ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። እንግዲህ ሆድ ለዘር ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ብዙ ጊዜ ትልቁ ጥቅም ሥጋው መላቀቁና ዘሩ መራቁ ነው።

፮. ዘሪው ቢጠፋስ?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ደመል ተከታይና አንደርስ ግራንስትሮም በኢትዮጵያ የደጋ ደኖች አፈር ውስጥ የተቀመጠውን ዘር መርምረው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአፈሩ ውስጥ ብዙ ዘር ቢገኝም አብዛኛው የሣርና የትንንሽ ዕፀዋት እንጂ የትልልቆቹ ዛፎች እንዳልሆነ ገልጸዋል። ገበሬ ለክፉ ቀን በጎተራ እህል ያስቀምጣል፤ አብዛኞቹ የደን ዛፎቻችን ግን በምድር ውስጥ ጎተራ የላቸውም። ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ፣ አዲስ ዘር ከሌላ ቦታ የሚያመጣ ካልተገኘ ሊመለስ አይችልም። የሚያመጡትም በአብዛኛው ወፎችና እንስሳት ናቸው።

ወፍና ጦጣ የጠፋበት ደን ወዲያው ደረቀ ማለት አይደለም። ዛፎቹ ለብዙ ዓመት ቆመው ይታያሉ፤ ያብባሉ፣ ያፈራሉም። የሚጐድለው ልጅ ነው። አላፊ አግዳሚው «ደን አለ» ይላል፤ ደኑ ግን ወራሽ የሌለው ሽማግሌ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ተምሬ ወደ ቤት በተመለስሁ ጊዜ ለአባቴ አጫወትኋቸው። አባቴ ገበሬ ናቸው፤ በቆሎ በሚያሸትበት ወራት ጦጣና ዝንጀሮ ሲጠብቁ ቀኑን በፀሐይ ይውላሉ። ነገሩን በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ፣ «እሺ ልጄ፣ ጦጣዋ ደኑን ትትከል፤ በቆሎዬን ግን ትተውልኝ» አሉ። ሁላችንም ሣቅን። ነገሩ ግን ሣቅ ብቻ አልነበረም። የአንድ ቀን ጥፋት የአንድ ወር ቀለብ ነውና አባቴን ልወቅሳቸው አልደፈርሁም።

ጥቂት ቆይተው ግን ራሳቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ። «ያን ወይራ ማን የተከለው ይመስልሃል? አያትህ አልተከሉትም፤ እኔም አልተከልሁም። አጥሩ ላይ ወፍ ያርፍ ነበር፤ አንድ ክረምት በቅሎ አገኘነው። ስነቅለው እናትህ ከለከለችኝ» አሉኝ። ዛሬ በዚያ ወይራ ጭስ የእርጎ ዕቃችን ይታጠናል፤ በጥላውም እንግዳ ይቀመጣል። አባቴ ያለ ሳይንስ መጽሐፍ የጽሑፌን መደምደሚያ ነገሩኝ። ወፍ ማረፊያ ያገኘችበት ቦታ ዛፍ ያበቅላል።

፯. ምን እናድርግ?

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተማሪውም ወላጁም ችግኝ ሲተክል ቆይቷል። ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ያለ ደመወዝ የሚተክሉልንን ሠራተኞች እያባረርን ብቻችንን ብንተክል ድካማችን ይበዛል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ከእኛ ዐቅም በላይ አይደሉም።

መጀመሪያ፣ በማሳ መካከልና በአጥር ላይ የቆሙትን ዋንዛ፣ ሾላና ወይራ አንቊረጥ። ከደን ወደ ደን ለሚሻገሩ ወፎች ድልድይ ናቸው። ሁለተኛ፣ ልጆች በወንጭፍ ወፍ መግደልን እንደ ጨዋታ እንዳይቈጥሩት ታናናሾቻችንን እንምከር። ከእህል የሚገባውን ጦጣ መከላከል የገበሬው መብት ነው፤ በደኑ ውስጥ ያለውን ተከትሎ መግደል ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ በተተከለው ዛፍ ሥር የበቀለውን አገር በቀል ችግኝ እንደ አረም አንንቀለው፤ ከብትም እንዳይረግጠው እንጠብቀው።

ለታናናሽ ተማሪዎችም አንድ ሥራ ልተውላቸው እወዳለሁ። ሦስት ጣሳ ወስዳችሁ አንድ ዓይነት አፈር ሙሉ። በመጀመሪያው ሙሉ ፍሬ ከነሥጋው፣ በሁለተኛው በእጃችሁ ሥጋውን ያጠባችሁትን ዘር፣ በሦስተኛው ከወፍ ማረፊያ ሥር ከኩስ ጋር የለቀማችሁትን ዘር በእኩል ቊጥር ዝሩ። እጃችሁን ደኅና አድርጋችሁ መታጠብ አትርሱ። ሁሉንም እኩል ውሃ እያጠጣችሁ የበቀለበትን ቀንና ብዛት በደብተር ጻፉ። አንደኛውና ሁለተኛው ቢለያዩ የሥጋውን እገዳ ታያላችሁ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቢለያዩ በሆድ የማለፍን ሥራ ትገምታላችሁ። በዶዶ ታሪክ የጐደለው ይህ ማመዛዘን ነበር። ያገኛችሁትን ሁሉ፣ ያሰባችሁትን የሚያፈርስም ቢሆን፣ በሚመጣው ዓመት በዚህ መጽሔት ጻፉልን።

እኔ በዚህ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ከዚህ ተማሪ ቤት እሰናበታለሁ። ከፈረንጅ ጥዱ ሥር ያየናቸው የዝግባ ችግኞች ግን ገና ከጉልበት አላለፉም፤ ዝግባ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና ትልቅ ሆነው የሚያያቸው ከእኛ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሰው ከሥራቸው ቆሞ «ይህን ዛፍ ማን ተከለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ወፍ ዘራሽ ነው» የሚል መልስ ያገኝ ይሆናል። ምኞቴ ቃሉ በንቀት ሳይሆን በምስጋና እንዲነገር ነው።